መቶ አምስት ጥይት

ወልድያ ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን እግር ነው፤ በግድግዳው ሥር ተደርድሮ የተዘረጋ ብዙ እግር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ጨለመና ዓይኔ እስኪለምድ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ የቆየ የማሽላ ትቢያ ይሸታል። በሩ አጠገብ ከተቀመጠው ባልዲ ደግሞ ሌላ ሽታ ይመጣል።

የያዙኝ መርሳ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣ የጠዋቱ ደወል ሊደወል ሲል ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ ጠመኔ፣ በሌላው የስድስተኛ ክፍል ደብተሮች ይዤ ነበር። "ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉኝ። ደብተሮቹን ለማን ልስጥ ብዬ ስጠይቅ አንደኛው በትሕትና ተቀበለኝና መኪናው ውስጥ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን በስምንት ወር ውስጥ ማንም አልጠየቀኝም። ለምን እንደታሰርኩ ዛሬም አላውቅም። ይህን ስል የሚሰማኝ ሰው "የሆነ ነገር ሳይኖርማ አይታሰርም" በሚል ዓይን ያየኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ያን የሆነ ነገር ስተኛ ስነሳ ፈልጌው ነበር። አጣሁት።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሊታወጅ ሽር ጉድ የሚባልበት ነው። አገሩ ሁሉ ሊማር ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ወረቀትም እርሳስም ክልክል ነበር፤ ከሁለት ሰው በላይ ገጥሞ ማውራትም እንደ ስብሰባ ይቆጠራል።

የቤቱ አለቃ አንድ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ነበሩ። ሐጂ እንላቸዋለን። ከዚያ በፊት ብርቱካን ገዝቻቸው ስለማውቅ ሲያዩኝ ደነገጡ። "ያ ረቢ፣ መምህር፣ አንተንም?" አሉና ከባልዲው አጠገብ ያለውን ቦታ አሳዩኝ። "አብሽር። እዚህ ቤት ሁሉም ከዚያ ነው የሚጀምር።"

ደንቡ ቀላል ነበር። አዲስ የመጣ ከባልዲው አጠገብ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሲመጣ እሱ አንድ ቦታ በወዲያኛው ጫፍ ወዳለችው ትንሽ መስኮት ይጠጋል፤ እንዲህ እያለ ሰው በቆየ ቁጥር ከሽታው ይርቃል። ሐጂ ከሁሉም ስለቀደሙ በመስኮቷ ሥር ነበሩ። ሌላም ደንብ ነበር፤ ይህንን ያወቅሁት ተቆጥተውኝ ነው። የመጣሁ ዕለት ከአጠገቤ ባዶ ቦታ አየሁና እግሬን ዘረጋሁበት። አንድ ጋቢ ብቻ ታጥፎ ተቀምጦበታል።

"እግርህን ሰብስብ፤ የሰው ቦታ ነው" አሉ ሐጂ።

"ማንም የለበትም እኮ።"

"ለምርመራ ጠርተውታል። እስኪመለስ ቦታው አይነካም።"

ሰበሰብኩ። ሰውየው ማታ ሲመለስ በሁለት ሰዎች ተደግፎ ስለነበር፣ እግሬ እዚያ ላይ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማኝ እንደነበር አሰብኩ።

ከእኔ በኋላ ውርጌሳ ላይ የተያዘ የጭነት መኪና ሾፌር መጣ። ከሾፌሩ በኋላ ደግሞ የኔታ የምንላቸው ሽማግሌ መጡ።

ሲገቡ ነጠላቸውን መስቀለኛ እንደጣሉ ነበሩ፤ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል። ሐጂ ተነስተው፣ ከመስኮቷ ሥር ያለውን የራሳቸውን ቦታ በእጃቸው ጠረጉላቸው። "የኔታ፣ አንቱ ሽማግሌ ነዎ፤ እዚህ ይረፉ።" ሽማግሌው ባልዲውን አዩ፣ ሐጂን አዩ። "አላህ ይስጥዎ፣ ሐጂ፤ ተራ ግን ተራ ነው" ብለው ከባልዲው አጠገብ ተቀመጡ። ክርስቲያኑ "አላህ" ብለው ሲመርቁ እስላሙ "አሜን" አሉ፤ ይህ በእኛ አገር ወግ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

እንግዲህ በተራው መሠረት የኔታ ከባልዲው ቀጥሎ፣ ሾፌሩ ከሳቸው ቀጥሎ፣ እኔ ከሾፌሩ ቀጥዬ ነበርን። በማግሥቱ ሾፌሩ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ የኔታ በእሱ ላይ ወደ እኔ አዘነበሉ።

"መምህር ነህ አሉኝ።"

"አዎ።"

"የቁጥር?"

"የቁጥር።"

ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መቶ አምስት እንዴት ነው የሚጻፍ?"

ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ አይጠይቅም። ምስጢራዊ መለያ ይሆን? ሊያስለፈልፉኝ አስገብተዋቸው ይሆን? ያበጠው ዓይናቸውስ ለማስመሰል ይሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ያን ሰሞን ባልዲውንም እጠረጥር ነበር። "አላውቅም" አልኳቸው። አራት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው መቶ አምስት እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለማወቄ ያጽናናቸው ይመስል ነበር።

ሁለት ቀን ዘጋኋቸው። በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ተጠርተው ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር። እንዲህ ያለ ማስመሰል የለም ብዬ አፈርኩና፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ራሴ ጠየቅኳቸው።

ግራና በምትባል ከተማ በኩል ያለ የአንድ ገበሬ ማህበር ጸሐፊ ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለተማሩና ቁም ጽሕፈት ስለሚያውቁ ማህበሩ ሲቋቋም መዝገቡን ለሳቸው ሰጠ። ቁጥር የሚጽፉት በግዕዝ ነበር። አንድ ቀን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ መዝገቡን አይቶ "ይህ የድሮ ነው፤ በፈረንጅ ቁጥር ጻፍ" አላቸው። እሺ አሉ። ካድሬው ከአንድ እስከ መቶ ያለውን ጽፎ ሰጣቸው፤ እሳቸውም እንደ ዳዊት በቃላቸው ያዙት። ወረቀቱ መቶ ላይ አለቀ። ከመቶ በላይ የሚቆጠር ነገርም አልገጠማቸውም፤ ገጥሞም ከሆነ ማንም አላየባቸውም።

ከዚያ በየቤቱ ያለ ጥይት ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ መጣ። የኔታ ከየገበሬው ተቀብለው፣ አንድ በአንድ ቆጥረው፣ መዝግበው፣ በአቁማዳ አድርገው በበቅሎ ወልድያ ላኩ። መቶ አምስት ጥይት። ወልድያም ሲቆጠር መቶ አምስት ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ ግን መዝገቡ ለቁጥጥር መጣ፤ መዝገቡ ሌላ ይላል።

"ዘጠኝ መቶ ጥይት ጎድሏል፣ ለወንበዴ ሰጥተሃል ይሉኛል" አሉ የኔታ። "እኔ መቶ አምስት ነው የተቀበልኩ እላለሁ። መርማሪው መዝገቡን ገልጦ ይኼ ምን ይላል ይለኛል። መቶ አምስት ይላል እላለሁ። ያን ጊዜ በጥፊ ይለኛል። እንደገና ምን ይላል ይለኛል። ምን ልበል? መቶ አምስት ነው የሚል።"

በዚያ ጊዜ ዘጠኝ መቶ ጥይት ለወንበዴ የሰጠ ሰው ምን እንደሚሆን እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እሳቸውም ያውቃሉ።

"እስኪ የጻፉትን ያሳዩኝ" አልኩ።

በትቢያው ላይ በጣታቸው ጻፉ፦ 1005። ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ እጅ ስለሆነ ቆንጆ ቁጥር ነበር።

"ይህ እኮ አንድ ሺህ አምስት ነው።"

ሽማግሌው እንደዚያ መርማሪ አዩኝ፤ ማለቴ እኔን እንደ መርማሪው አዩኝ። በጣታቸው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከለሉ። "መቶ።" ከዚያ የመጨረሻዋን። "አምስት። የቱ ላይ ነው ሺው?"

ግራ ገባኝ። ተሳስተዋል ማለት ቀላል ነበር፤ ግን የሚሉት ነገር በራሱ ልክ ነው። መቶውም አለ፣ አምስቱም አለ። ትቢያውን ብዙ ካየሁ በኋላ በግዕዝ እንዲጽፉት ለመንኳቸው። ጻፉ፦ ፻፭። ያን ጊዜ ገባኝ። በግዕዝ ቁጥር መቶው የራሱ ምልክት አለው፤ ከጎኑ አምስትን ታስቀምጣለህ፣ በቃ። እሳቸው በ፻ ፈንታ 100ን፣ በ፭ ፈንታ 5ን ተኩ። ሰውየው የሚገደሉት እንግዲህ በዚህ ነው።

ላስረዳቸው ተነሳሁ። በትቢያው ላይ ሦስት ቤት ሠርቼ ክፍል ውስጥ እንደምለው "ይህ አንድ ቤት፣ ይህ አስር ቤት፣ ይህ መቶ ቤት" አልኩ። በመቶ ቤት 1፣ በአስር ቤት 0፣ በአንድ ቤት 5 ጻፍኩ።

"ይቺ አንድ አይደለችም?" አሉ።

"ናት። ግን እዚህ ስትቀመጥ መቶ ናት።"

"ማን አላት?"

"ቦታው።"

አሰቡ። "ይቺ ክቧስ?"

"ዜሮ ናት። ምንም ማለት ነው።"

"ምንም ከሆነች አውጣት።"

አወጣኋት። 15 ሆነ። "አሁን አሥራ አምስት ሆነ" አልኩ።

የኔታ በሚያየው ዓይናቸው ብቻ ትኩር ብለው አዩኝ። "ምንም ያልሆነች ነገር ስትወጣ ዘጠና ይዛ ትሄዳለች?"

አራት ዓመት ሙሉ ይህንን የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም ስማር አልጠየቅሁም። ደጋግሜ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ በተናገርኩ ቁጥር እኔ ራሴ እየጠፋብኝ መጣ። ከመስኮቷ ሥር ሐጂ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ሳቁ።

"መምህር፣ የእኛን ልጆች እንዲህ ነው የምታስተምራቸው?"

"እስኪ እርስዎ ይምጡና ያስረዱ" አልኩ ተናድጄ።

ያን ዕለት ሾፌሩ ጠዋት ለምርመራ ተጠርቶ ነበር። ጋቢው በእኔና በየኔታ መካከል ታጥፎ ተቀምጧል። ሐጂ በአገጫቸው ወደዚያ አመለከቱ።

"የኔታ፣ እዚያ ማን አለ?"

"ሾፌሩ ነዋ።"

"አለ?"

"የለም። ጠርተውታል።"

"ከሌለ ታዲያ አንቱ ለምን ወደዚያ ጠጋ አይሉም? ከባልዲው ይርቁ ነበር።"

"የሰው ቦታ ነው፣ ሐጂ።"

"ዜሮዋ እሱ ናት ወላሂ" አሉ ሐጂ። "እኔ ትምህርት የለኝም፤ መምህሩ ይጨርሰው።"

እኔም ከዚያ ላይ ያዝኩት። ከባልዲው እንቁጠር አልኩ። የመጀመሪያው ቦታ የአንድ ነው፤ የኔታ አምስት ይሁኑ። ሁለተኛው የአስር ነው፤ ባዶ ነው፣ ግን ተጠብቋል። ሦስተኛው የመቶ ነው፤ እኔ ተቀምጬበታለሁ፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ስለዚህ መቶ ነኝ። ባዶውን ቦታ አጥፍተን እኔ ወደ ባልዲው ብጠጋ አስር ብቻ እሆናለሁ። በመካከላችን ሌላ ባዶ ቦታ ብንጨምር ደግሞ እኔ ወደ መስኮቷ እገፋለሁ፤ በአራተኛው ቦታ ላይ እውላለሁ፣ ሺህ እሆናለሁ። እኔ ግን ያው አንድ ነኝ።

የኔታ የጻፉትን 1005 ከቀኝ ወደ ግራ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። አንድ። አስር። መቶ። ጣታቸው በመጨረሻዋ ላይ ቀረ።

"ሺህ ጻፍኩ" አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። "ሰውየው እውነቱን ነው። እኔ እኮ ከተያዝኩ ጀምሮ በልቤ ውሸታም ስለው ነበር።"

እኔ ግን ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከታሰርኩ ጀምሮ ሰው ሆኜ የተሰማኝ ያን ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ሾፌሩን እየደገፉ ሲያስገቡት ቁጥራችንን ረግጦ አጠፋው፤ ቦታው ላይ ተኝቶ ውሃ ስናጠጣው እንኳ ደስታው አልለቀቀኝም።

ሐጂ አጠገባቸው ጠሩኝ። "ምን እንዳደረግህ አውቀሃል?" አሉኝ በቀስታ። "ትናንት አለማወቃቸው ምስክራቸው ነበር። ጻፍ ቢላቸው ሳያስቡ ያንኑ ስህተት ይጽፉ ነበር፤ ሰው በዓይኑ ያይ ነበር። ዛሬ አሳወቅካቸው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።"

ልክ ናቸው። ለሰውየው የቀረላቸውን አንድ ምስክር በገዛ አፌ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

መላውን ያበጁት ሐጂ ናቸው። እኔ መርማሪውን ላነጋግር ብዬ እጠይቃለሁ፤ የቁጥሩን አገባብ አስረዳለሁ፤ የኔታ ይሞከሩ እላለሁ። የኔታም ጻፍ ሲባሉ እንደ ድሯቸው 1005 ይጽፋሉ። ይህን ለየኔታ ሁለታችንም እየተጋገዝን ነገርናቸው። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ቤትዎ ነው" አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳቡና ምንም አልመለሱም። ዝምታ እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ዘበኛውን ለመንኩት፤ ረፋዱ ላይ ሁለታችንንም ወሰዱን። መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነበር። ብርቱካን እየላጠ ልጣጩን በተገለጠው መዝገብ ላይ ያከማቻል። ሽታው ምራቄን አስመጣው፤ በዚያ ሰዓት ለብርቱካን መጎምጀቴ አሳፈረኝ።

ቆሜ አስረዳሁ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም። "ጓድ፣ አሁን እዚሁ ይሞክሯቸው" አልኩ። "መቶ አምስት ይጻፉ ቢሏቸው 1005 ይጽፋሉ። መቶ ሰባት ቢሏቸው 1007።"

መርማሪው ብርቱካኑን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። "እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ቀላል ነው" አለ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ሰውየው ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገላቸውና "ጻፍ፤ መቶ አምስት" አላቸው። አባቱ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ አንተ ነው የሚላቸው።

የኔታ እስክሪብቶውን አነሱ። እንደ ብርዕ ጫፉን በጥፍራቸው ሞከሩት። 1 ጻፉ። 0 ጻፉ። እዚያ ላይ ቆሙና ቀና ብለው አዩኝ። በዓይኔ ለመንኳቸው። ሌላ ዜሮ፣ አንዲት ዜሮ ብቻ፣ አልኩ በዓይኔ።

5 ጻፉ።

መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ዛሬ እንዲህ ነው የምጽፈው" አሉ የኔታ። "ይኼ ልጅ ትናንት አስተምሮኝ ነው። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ስህተቱ የኔ ነው፤ መዝገቡን አምጡት፣ በእጄ ላርመው።"

መዝገቡን ራሳቸው ሳቡት። የብርቱካኑን ልጣጭ አንድ በአንድ አነሱና በጠረጴዛው ጥግ ደረደሩት፤ ገጹን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ቁም ጸሐፊዎች የተሳሳተ ፊደል ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ ሳይፍቁ ሳያጨማልቁ፣ ከአንዷ ዜሮ በላይና በታች ቀጭን ጭረት አደረጉባት። በዳር ስማቸውን ጽፈው እስክሪብቶውን መለሱ። መርማሪው ለምን ዝም ብሎ እንዳያቸው አይገባኝም። ምናልባት ለእሱም ግራ ገብቶት ይሆናል።

ነፍሱ የተመለሰችለት መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። "ያውቃል እኮ!" አለኝ። "አይችልም ያልከኝ ሰው አሳምሮ ያውቃል። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ልታሞኙኝ ነው።" እኔ ትናንት ነው ያስተማርኳቸው እላለሁ፤ እሱ ትናንት ካወቀ ዛሬ አይጽፍም ያልከኝ ለምንድን ነው ይለኛል። ውሸቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን የተገረፍኩት እኔ ነኝ፤ በእስር ቤት ውስጥ ማስተማርም ጥፋት ነበርና። ስለሱ ብዙ አልጽፍም።

ማታ ሲመልሱኝ የኔታ የተገረፈውን ውስጥ እግሬን በለብ ያለ ውሃ አጠቡልኝ። "ለምን?" አልኳቸው። ንዴቴ ከሕመሜ ይብስ ነበር። "ወደ ቤትዎ ሊሄዱ ነበር እኮ። አንዲት ዜሮ ብቻ!"

"እጄ እምቢ አለኝ" አሉ።

"ይኼ መልስ ነው?"

"እኔ ያለኝ እሱ ነው፣ ልጄ።"

ተናድጄ ሦስት ቀን አላነጋገርኳቸውም። ዛሬ እነዚያን ሦስት ቀናት መልሶ የሚሰጠኝ ሰው ባገኝ የምሰጠው ብዙ ነገር ነበረኝ። ከተገረፍኩ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ፤ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ፣ ደሴ ነህ" ተባሉ። ነጠላቸውን መስቀለኛ ጣሉ። በየተራው ሁላችንንም ተሰናበቱ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ትከሻዬን ያዙና "ጥሩ አስተማሪ ነህ" አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም። ምንም ሳልል ቀርቼ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

እኔ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ተፈታሁ። ጥቂት ወራት ቆይቼ በገበያ ቀን ወደ ግራና ሄድኩ። አንድ ሙስሊም ገበሬ እስከ ቤታቸው ደጃፍ አደረሰኝ። ባለቤታቸው በጥቁር ልብስ ሆነው አጥር ሥር ስንዴ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ከየኔታ ጋር ታስሬ እንደነበርኩ ስነግራቸው ሠሃኑን አስቀመጡና ቆመው ሳሙኝ።

"ነጠላውን ላኩልኝ፤ ከደሴ" አሉኝ። "ሌላ የሰማሁት የለም።"

ሌላ መስማት አያስፈልግም ነበር።

"ዘጠኝ መቶ ጥይት ደብቃችኋል ብለው መንደሩን ሊፈትሹ ሚሊሻ ይዘው መጥተው ነበር" አሉ ቆየት ብለው። "ሁለት ቤት ገቡ፣ ጎተራ ገለበጡ፣ የጎረቤቴን ልጅ ደበደቡት። ከዚያ አንድ ሌላ ሹም መዝገቡን ይዞ ደረሰ። ጸሐፊው ራሱ አርሞታል፣ ፊርማው አለበት፣ ዘጠኝ መቶ የሚባል ነገር የለም አላቸው። ተዉን። ሄዱ።"

አንዱ መዝገብ እንዴት እዚህ ታምኖ ደሴ ላይ ሳይታመን እንደቀረ እስከ ዛሬ አይገባኝም። የኔታ ያን እስክሪብቶ ሲያነሱ ይህን መንደር አስበው እንደሆነ፣ ወይስ እንዳሉኝ እጃቸው ብቻ እምቢ ብሏቸው እንደሆነም አላውቅም። ሁለቱንም እያገላበጥኩ አርጅቻለሁ።

"ልጄ" አሉኝ ሴትዮዋ፣ "ጥፋቱ ምን ነበር? አብረኸው የነበርክ ንገረኝ።"

ለአራት ዓመት ለሕፃናት ሳስረዳው የኖርኩትን ነገር ለሳቸው ማስረዳት አቃተኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ቤት፣ አስር ቤት ልል ነበር። ተውኩት።

"አንድ ስህተት ጽፈው ነበር፤ ራሳቸው አረሙት" አልኩ።

ፊታቸው ፈካ አለ። "እሱ እንደዚያ ነው" አሉ። "በሰው መጽሐፍ ላይ እንኳ ስህተት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። አውቆ ጻፍ ብትለው አይጽፍም።"

"እንደዚያ ነበር" አላሉም። እኔም አውቀው እንዲጽፉ የለመንኳቸው እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።